አባባ፣ ዛሬ ብቻ ተመስገን አትበል

ማይኳ የሚለውን ቅጽል ስም ያወጡላት የመናኸሪያው ሾፌሮች ናቸው። ትኬት ቆራጭ ናት። የመናኸሪያው ድምፅ ማጉያ ከተበላሸ ዓመታት አልፈዋል፤ ይጠገን ብሎ የጠየቀ ግን የለም። ምን ሲደረግ? እሷ ከመስኮቷ አንገቷን ብቅ አድርጋ አንድ ጊዜ «ተራ!» ካለች፣ ሰልፉ ጫፍ ላይ ቆሞ ስልክ የሚያወራው ሰውዬ ሳይቀር ቀጥ ይላል። ሰው ይፈራታል፣ ከጀርባዋ ይቀልድባታል፣ ሲቸግረው ደግሞ ወደ እሷ ይሮጣል።

እንዲህ ያለችውን ሴት የወለዱት አባት ድምፃቸው ከአጥር አልፎ ተሰምቶ አያውቅም። አናጢ ነበሩ፤ ዓይናቸው ሲደክም መጋዙን ሰቅለው ቤት ዋሉ። እንዴት አደሩ ሲባሉ ተመስገን፣ እንዴት ዋሉ ሲባሉ ተመስገን። መዶሻ አውራ ጣታቸውን የጨፈለቀ ዕለት እንኳ እጃቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ወደ ቤት ገቡና «ተመስገን፣ ግራው ነው» አሉ። ሚስታቸው በሕይወት ሳሉ፣ ይሄ ሰውዬ ቤቱ ቢቃጠል እሳት ሞቅን ተመስገን ይላል እያሉ ይስቁባቸው ነበር። ማይኳም ከእናቷ ጋር ስትስቅ ነው ያደገችው።

ያን ዕለት ጠዋት ከመታጠቢያ ቤት የሆነ ነገር ሲወድቅ ሰምታ ብትሮጥ፣ አባቷ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል፤ ፀሐይ የሚሞቁ ነው የሚመስለው። አዳልጧቸው እንደሆነ ነገሯት። ወለሉ ግን ደረቅ ነበር። ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ ብሏል፣ ከንፈራቸው ነጥቷል፣ ሳፋው ውስጥ ደግሞ በውሃ ሊያስለቅቁት ሞክረው ያልተሳካላቸው ጥቁር የረጋ ነገር አለ። ማይኳ ክው አለች። ለጉልበታቸው እያሉ በባዶ ሆዳቸው የሚውጡት የሕመም ማስታገሻ ትዝ አላት፤ ስንት ጊዜ ተጨቃጭቀውበታል። አሁን ግን የጭቅጭቅ ሰዓት አልነበረም። ጃኬታቸውን አልብሳ፣ ደግፋ አውጥታ ታክሲ ውስጥ አስገባቻቸው። ሆስፒታል እስኪደርሱ ድረስ ሾፌሩን በጠዋት ስላስቸገሩት ይቅርታ ሲጠይቁት ሄዱ።

የድንገተኛ ክፍሉ ጥበቃ የሰው መጠሪያ አድርጎ የሚያውቀው አንድ ቃል ብቻ ነበር፦ አስታማሚ። አስታማሚ ወዲህ፣ አስታማሚ ወዲያ፣ አስታማሚ መንገድ አትዝጊ። ማይኳ አባቷ ደም ሳያስመልሳቸው እንዳልቀረ ልታስረዳ አፏን ስትከፍት፣ እሱ በሽተኛው እዚህ እንደሚቀመጥ፣ አስታማሚ ካርድ ክፍል እንደሚሄድ፣ ያለ ካርድ ደግሞ የሚታይ እንደሌለ ነግሯት ጨርሶ ወደሚቀጥለው ሰው ዞሯል። አባቷን ተሽከርካሪ ወንበር ላይ አስቀምጣ ሮጠች። ካርድ ክፍሉ ፊት ለፊት የተሰለፈው ሰው ግቢውን ይዞራል። መስኮቱ ውስጥ ያለው ሰውዬ ቀና ሳይል «ተራ» ይላል። ከዚህ በኩል ሆነው ሲሰሙት ቃሉ እንዴት እንደሚያስጠላ ያኔ ገባት።

ካርዱን ይዛ ስትመለስ አባቷ ቦታ ቀይረዋል። ከግድግዳው ሥር፣ ከአንድ ሰውዬ አጠገብ ተቀምጠው ጨዋታ ይዘዋል። ሰውዬው ጎሚስታ ነው፤ የጎማ ጥቁረት ከጥፍሩ ሥር አልለቀቀም። ቢጫ ሻርፕ ያደረገች ሚስቱ አጠገቡ ቆማ ጃኬቱን ታቅፋለች። ደረቱን ትንሽ ጨምደድ አድርጎት ነው እንጂ ደህና መሆኑን ለአባቷ እየነገራቸው ነበር። የሁለቱም እጅ ላይ አረንጓዴ ሪባን ታስሯል። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ለማንበብ መነጽር አያስፈልግም፦ ቀይ አሁኑኑ ይታያል፣ ቢጫ በቅርብ ይታያል፣ አረንጓዴ ይጠብቃል።

ምን ብለው ጠይቀዋቸው ነው አረንጓዴ ያሰሩላቸው ብትል፣ አባቷ ደስ ብሏቸው አስረዷት።

«ነርሷ እንዴት ነዎት አባቴ አለችኝ፤ ደህና ነኝ ተመስገን አልኳት። መልካም ልጅ ናት። ቤተሰቦቿንም ጠየቅኋት፣ ሁሉም ደህና ናቸው።»

ማይኳ በሽተኛ የምትለየውን ነርስ ፍለጋ ሄደች። አንድ ሚኒባስ ተገልብጦ ቁስለኛው በበሩ እየጎረፈ ነው፤ ነርሷ አንዱን ሳታስር ሌላው ይጮህባታል፣ የደም ግፊት መለኪያዎቹም ተለቅመው ወደ ውስጥ ገብተዋል። ማይኳ ስለ ሳፋው፣ ስለ መታጠቢያ ቤቱ፣ ስለ ላቡ ነገረቻት። ነርሷ ግማሹን ሰማች፣ ግማሹን አልሰማችም። አባትየው በራሳቸው አንደበት ደህና ነኝ እንዳሏት፣ ከራሳቸው በላይ ደግሞ ማንም ሊያውቅላቸው እንደማይችል ተናግራ ወደ ቁስለኞቹ ዞረች። ጥበቃው ደረሰ። «አስታማሚ ውጪ» አለና በክንዱ እየገፋ ወደ ኮሪደሩ አስወጣት።

ኮሪደሩ ላይ የቆመው ሁሉ አስታማሚ ነው። አንዱ ፌስታል ይዟል፣ አንዱ የሌላ ሰው ጫማ ይዟል፣ አንዷ ባዶ የውሃ ጠርሙስ ታሻሻለች። በሩ በተከፈተ ቁጥር ሁሉም አንገቱን ያሰግጋል፣ ሲዘጋ ደግሞ አንገቱን ይመልሳል። ይሄ ሁሉ ሰው ውስጥ ያለውን በሽተኛ ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ ምን እንደበላ፣ መቼ እንደወደቀ፣ የትኛውን መድኃኒት ደብቆ እንደሚውጥ። እሱን ግን የሚጠይቀው የለም። ማይኳ በበሩ መስታወት አሻግራ አየች። ነርሷ በአባቷና በጎሚስታው በኩል ስታልፍ ሁለቱ ሰዎች እጃቸውን ዘርግተው ይገባበዛሉ፤ እርስዎ ይቅደሙ፣ የለም እርስዎ ይቅደሙ። ነርሷም ፈገግ ብላ ሁለቱንም አልፋ ሄደች።

ይሄን ስታይ ደሟ ፈላ። ጥበቃው ቃሬዛ ሊያስገባ በሩን ሲበረግደው ከቃሬዛው ኋላ ተለጥፋ ገባች። አባቷ ፊት ቁጢጥ ብላ እጃቸውን ያዘች። በረዶ ነው።

«አባባ፣ ዛሬ ብቻ ተመስገን አትበል።»

«ሰው አክብሮ እንዴት ነህ ሲለኝ ምን ልበል ታዲያ?»

«አሞኛል በል።»

አባቷ በዓይናቸው ወደ ቁስለኞቹ አመለከቱ። እጁ የተሰበረ አለ፣ ፊቱ የተላጠ አለ። ያ ሁሉ ሰው ተሰባብሮ እያዩ፣ በእግራቸው የገቡት ሰውዬ አሞኛል ማለታቸው ነውር እንደሆነ በቀስታ ነገሯት። ቃሉን ሲጨርሱ ትንፋሻቸውም አብሮ አለቀ፤ ጭንቅላታቸውን ግድግዳው ላይ አሳረፉ። ይሉኝታ የሚሉት ነገር ሰው የሚገድል በሽታ እንደሆነ ማይኳ ያኔ ተረዳች፤ ይህ በሽታ ደግሞ በዚያ ሁሉ ክፍል ውስጥ ሐኪም የለውም።

ማይኳ ስለ ሕክምና የምታውቀው ነገር የለም። ትኬት ግን ታውቃለች። የተሳሳተ ትኬት ይዞ የተሳፈረ ሰው መቀመጫው ላይ ተቀምጦ የሚሄድበት ሳይሆን የማይሄድበት ከተማ ይደርሳል፤ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ትኬት የሌለው ሰው ግን አውቶቡስ ያስቆማል። ረዳቱ ይጮሃል፣ ሾፌሩ ይወርዳል፣ ተሳፋሪው ያጉረመርማል፤ እልባት ሳያገኝ መኪናው ንቅንቅ አይልም። የአባቷን እጅ ወደ አፏ አስጠጋችና ሪባኑን ነከሰችው። ቋጠሮው የጠበቀ ነበር። ከጎን የቆመችው ባለ ቢጫ ሻርፗ ሴት አፏን በመዳፏ ሸፍና ታያለች። ማይኳ ግራና ቀኝ እየጎተተች በጥርሷ በጠሰችው፣ ወለሉ ላይ ተፋችውና ተነሣች።

«እዚህ ጋ ምንም ያልታሰረለት ሰው አለ። መጥታችሁ እዩት።»

በመናኸሪያ ድምጿ ነው የተናገረችው።  የሚያቃስተውም ማቃሰቱን ተወ። ጥበቃው እየሮጠ መጣ፣ ነርሷም ጓንቷን ሳታወልቅ መጣች፤ ፊቷ በንዴት ቀልቷል። ሪባኑን እንድትፈታ ማን እንደፈቀደላት ጠየቀቻት።

«ማንም። እንደ አዲስ ጠይቂው። እንዴት ነዎት ብለሽ ግን አትጠይቂው፤ እንዴት ነዎት ሰላምታ ነው። ሰላምታ ስትሰጪው ሰላምታ መለሰልሽ።»

ጥበቃው ክንዷን ይዞ ሊጎትታት ሲል ነርሷ በእጇ ከለከለችው።  ከዚያ ነርሷ አጎንብሳ ከአባትየው ፊት ጋር ፊቷን አስተካከለችና ምናቸውን እንደሚያማቸው ጠየቀች። እንዴት ነዎት አላለችም። ሽማግሌው ልጃቸውን አዩ፣ ቁስለኞቹን አዩ፣ ወለሉን አዩ። ዕድሜ ልካቸውን የሸሹትን ቃል ከሆዳቸው ጎትተው ሲያወጡት ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«ልጄ፣ አሞኛል» አሉ። «ካመመኝ ቀናት ሆኖታል። ደም ነው የሚወጣኝ።»

ይህን ብለው ወደ ጎን አዘነበሉ። ነርሷ የዓይናቸውን ቆብ ገልጣ አየችና ቃሬዛ ብላ ጮኸች፤ በጩኸት ከማይኳ የምታንስ አልነበረችም። ሁለት ሰው አንሥቷቸው እየሮጠ ወደ ውስጥ ሲገባ ጎሚስታው እጁን ከፍ አድርጎ እግዜር ይማርዎት አላቸው። ማይኳ ቃሬዛውን ተከትላ ስትሮጥ ወደ እሱ ዞር አላለችም። በሩ ላይ ጥበቃ አገኛትና አስታማሚ ውጪ አላት፤ ይሄኛው በር ላይ ሌላ ጥበቃ ነበር፣ ቃሉ ግን ያው ነው።

ከቆይታ በኋላ አንድ ዶክተር ብቅ አለና ጨጓራቸው ክፉኛ ይደማ እንደነበር፣ አሁን ደም እንደተሰቀለላቸውና መድማቱም እንደቆመ ነገራት። ትንሽ ዘግይተው ቢሆን ኖሮ ብሎ ጀመረና ፊቷን አይቶ አልጨረሰውም። ማይኳ ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ አለች። ጥርሷ መሐል የሪባኑ ክር ቀርቶ ነበር፤ በምላሷ ስትፈልገው ዋለች።

ከሰዓት በኋላ ባለ ቢጫ ሻርፗን ስሟን ሳይሆን «የጎሚስታው አስታማሚ» ብለው ጠርተው አስገቧት። ስትወጣ የባሏን ጃኬት እንደታቀፈች ነው፤ አሁን ግን ከጃኬቱ ጋር በፌስታል የተጠቀለለ ጫማ ይዛለች። ሬሳው እስኪሰጣት ጠብቂ ተብላ ነው የወጣችው። ማንም ለማይኳ ምንም አልነገራትም፤ ጫማውን ስታይ ገባት። ሴትየዋ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። እንባዋም እንደ ሌላው ነገር ሁሉ ተራ ይጠብቅ የነበረ ይመስላል። ማይኳ ልታቅፋት ፈለገች፤ ግን አልደፈረችም። ያን ያህል ስትጮህ፣ ከአባቷ ጎን የተቀመጠው ሰው እጅ ላይም ያው አረንጓዴ መታሰሩን እያየች ነበር።

በዚህ መሐል ነው ባለ ታብሌቱ የመጣው። ጋውኑ የተተኮሰ፣ ደረቱ ላይ ባጅ የሰቀለ፣ ንግግሩ ለስለስ ያለ ጎልማሳ ነው፤ ከጥራት ክፍል መምጣቱን፣ የአስታማሚዎችን እርካታ እንደሚያጠና በትሕትና አስረዳ። ከኮሪደሩ ጫፍ ጀመረ። በዛሬው አገልግሎት ምን ያህል ረክተዋል ይላል። አንዱ ተመስገን ይላል፣ አንዷ አልሐምዱሊላህ ትላለች፣ ሌላው ምን ይደረጋል ተመስገን ነው እንጂ ይላል። ጣቱ የታብሌቱን መስታወት ነካ ነካ እያደረገ ይቀጥላል። ባለ ቢጫ ሻርፗ ጋ ደረሰ።

«እናቴ፣ በዛሬው አገልግሎት ምን ያህል ረክተዋል?»

ሴትየዋ ከሩቅ ቦታ የተጠራች መሰለች። ቀና ብላ አየችው። «ተመስገን» አለች።

ጣቱ መስታወቱን ነካ። አመሰገናትና ወደ ማይኳ ዞረ። ማይኳ ግን ዓይኗ ታብሌቱ ላይ ነበር። ለዚች ሴት ምን ብሎ እንደሞላ ጠየቀችው። እሱም ሳያፍር፣ ደግሞ ምን የሚያሳፍር ነገር ኖሮት፣ «በጣም ረክቻለሁ» የሚለውን እንደነካላት ነገራት። ተመስገን ሲሉ እዚያ ላይ እንደሚሞላ፣ ሲያሠለጥኗቸውም እንዲሁ እንደተባሉ አስረዳት።

«ባሏ ሞቶባታል» አለች ማይኳ። «ያቀፈችው ጫማውን ነው።»

ሰውየው ፊቱ አመድ መሰለ። ወደ ፌስታሉ አየና ዓይኑን መለሰ። ይቅርታ ለመጠየቅ አፉን ቢከፍትም ማይኳ ፋታ አልሰጠችውም።

«ተመስገን ያለችው ለፈጣሪ ነው። እሱ ደግሞ እዚህ ተቀጥሮ አይሠራም። የሱን ምስጋና ለምን ለራሳችሁ ትወስዳላችሁ?»

ከኮሪደሩ አንድ ሁለት ሰው ሳይፈልግ ሳቀና ሳቁን መልሶ ዋጠ። ማይኳ አጥፋው አለችው። አንዴ ከተነካ ወደ ኋላ እንደማይመለስ፣ መልሱም ወዲያውኑ ወደ ዋናው ቢሮ እንደሚሄድ ነገራት። እንግዲያውስ እንደ አዲስ ጠይቅ አለችው፤ ዛሬ ለሁለተኛ ጊዜ መሆኑ ነው። የቆሙትንም ሰዎች ዞር ብላ አየቻቸው። አንድ ሰውዬ ጠጋ ብሎ በጆሮዋ፣ በሽተኞቻቸው ገና ውስጥ እንደሆኑ፣ ነገ ቂም ቢያዝባቸው ማን እንደሚደርስላቸው ሹክ አላት። እውነቱን ነው። የሰው ዘመድ በሩን ዘግተውበት በሩ ላይ ቆመው ረክተሃል ወይ ሲሉት ምን ይበል? ማይኳ ይሄ ፍርሃት ገባት፤ ደህና አድርጎ ገባት። ለዚህም ነው ዝቅ ያለ ድምፅ ያልመረጠችው።

«ከእኔ ጀምር» አለች። «አልረካሁም። ጻፈው።»

ባለ ታብሌቱ አመነታ። አባቷ መትረፋቸውን ከሰዎች ሰምቶ ኖሮ፣ አባትዎ ግን ድነዋል አይደል እንዴ ብሎ ለዘብ ባለ አነጋገር ጠየቃት።

«ድኗል። የዳነው ግን በጥርሴ ነው። እሱንም ጻፈው።»

 መጀመሪያ ባለ ጠርሙሷ ናት ወደ ፊት የመጣችው። ልጇን የት እንደወሰዱባት ከጠዋት ጀምሮ የነገራት ሰው እንደሌለና እንዳልረካች ተናገረች። በማይኳ ጆሮ ያንሾካሾከው ሰውዬም ጉሮሮውን ጠርጎ አልረካሁም አለ፤ ራሱም የደነገጠ መሰለ። ከዚያ ሰዉ ማንም ሳይነግረው ሰልፍ ያዘ። አንዲት ወጣት ብቻ እሷ በእውነት እንደረካች፣ ወንድሟን በደንብ እንዳዩላት ተናገረች፤ ማይኳም ያንቺንም ልክ እንዳልሽው ይጻፍልሽ አለቻት። ነርሷ ጓንቷን አውልቃ በበሩ ክፍተት ቆማ ትሰማለች። ጥበቃው አንድ ጊዜ አስታማሚ ብሎ ጀመረ፤ ነርሷ ዘወር ብላ ስታየው የቀረውን ዋጠው።

በመጨረሻ ባለ ታብሌቱ ሳይጠራ ወደ ባለ ቢጫ ሻርፗ ተመለሰ። ፊቷ ቁጢጥ ብሎ ተቀመጠ። ምን ብሎ እንደሚጠይቃት አላወቀም። እሷ ግን የምትለውን አግኝታ ነበር። የተጨበጠ እጇን ፈታች፤ መዳፏ ላይ ከባሏ እጅ ፈትተው የሰጧት አረንጓዴ ሪባን አለ። ያናገረችው ባለ ታብሌቱን አልነበረም፤ ማይኳን ነው።

«እኔም መንከስ ነበረብኝ ለካ» አለች።

  ሴትየዋ ሪባኑን ታብሌቱ መስታወት ላይ አስቀመጠችውና ባለ ታብሌቱን አየችው። «ይሄን የት እንደምትሞላው አንተ ታውቃለህ» አለችው። ሰውየው ሪባኑን አላነሣውም፣ ታብሌቱንም አላዘነበለውም። እንደያዘው ተቀመጠ።

በሩ ተከፈተና የአናጢው አስታማሚ ተብሎ ተጠራ። ማይኳ ገባች። አባቷ ትራስ ላይ ጋለል ብለዋል፤ ደም የሚወርድበት ቱቦ ክንዳቸው ላይ ተጣብቋል፣ ከንፈራቸው ትንሽ ቀለም አግኝቷል። በዓይናቸው ፈገግ አሉላት። እንደ ልማዳቸው ከራሳቸው በፊት ሌላውን ጠየቁ፤ አጠገባቸው ተቀምጦ የነበረው ያ ደግ ሰው ከነሚስቱ ደህና ነው ወይ አሏት። ማይኳ ከልጅነቷ ጀምሮ ከእሳቸው የለመደችው መልስ ምላሷ ጫፍ ላይ መጥቶ ነበር።

«ደህና አይደሉም አባባ» አለች። «እሱ ሞቷል። እሷ ብቻዋን ውጪ ተቀምጣለች።»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ።  ሲገልጡት ድምፃቸው ከወትሮው ጠንከር ያለ ነበር።

«ታዲያ አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ውጪ።»

ማይኳ ማንም ሳይገፋት ወጣች። ባለ ቢጫ ሻርፗ አጠገብ ተቀመጠችና ጫማውንም ጃኬቱንም ተቀበለቻት፤ ሴትየዋም እጇ ባዶ ሲሆን ማልቀስ ጀመረች።